የሰፈራችንን ትምህርት ቤት ማደስና ማስፋት፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ከተማ ውስጥም ሆነ በዙሪያዋ፣ ማና፣ ቀርሳ፣ ዴዶ፣ ሰቃ ጨቆርሳ ብትሄዱ፣ ትምህርት ቤት ለማደስ የተሰበሰበ ኮሚቴ የሚጠይቀው ጥያቄ ያው ነው። ወላጆች፣ ርዕሳነ መምህራንና የሰፈር ሽማግሌዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ መልሻለሁ። አንዳንዱ መልስ ረጅም ነው፣ አንዳንዱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ልበል። እዚህ አገር የትምህርት ቤት ህንጻ ዋና ጠላቱ ውሃ ነው። ከታች ያለው መልስ አብዛኛው ዞሮ ዞሮ እዚያው ላይ ያርፋል።

ጣራው ያፈሳል፣ ክፍልም ጠቦናል። ያለን ብር ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱ ይቅደም?

ጣራው። ሳታመነቱ ጣራውን አስቀድሙ።

አዲስ ክፍል መመረቅ ደስ ይላል፣ ሰውም ለአዲስ ነገር ቶሎ ያዋጣል። ያ ይገባኛል። ግን ጅማ በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ ያገኛል። ያ ሁሉ ውሃ በሚያፈስ ጣራ በኩል ሲገባ መጀመሪያ ኮርኒሱን ያበሰብሳል፣ ከዚያ ካፕሪያታውን (ጣራውን የተሸከመውን እንጨት)፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ይወርዳል፣ በመጨረሻም የኤሌክትሪክ መስመሩን ያገኘዋል። አሮጌውን ትታችሁ አዲስ ብትሰሩ፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ አንድ አዲስ ክፍል ይዛችሁ ሁለት አሮጌ ታጣላችሁ። የተማሪው ቁጥር እንደሆነ አይቀንስም።

ጣራ ስትጠግኑ ቆርቆሮ ብቻ አትቀይሩ። እንጨቱን ፈትሹ፣ የበሰበሰ ሞራሌ ላይ አዲስ ቆርቆሮ መምታት ብር ማባከን ነው። ቆርቆሮ ስትገዙ ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ ማለትም ባለ 35 ከባለ 32 ይቀጥናል፣ ባለ 28 ደግሞ ከሁለቱም ይወፍራል። ለትምህርት ቤት ባለ 28 ቢሆን ይመረጣል። ይወደዳል፣ ግን ይቆያል። ሚስማሩ ጎማ ያለው ይሁን፣ የሚመታውም በቆርቆሮው ከፍታ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ዝቅታ ላይ አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ጣራው ከግድግዳው ወጣ ይበል፣ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። የዚህን አገር ዝናብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ የሰሩት፣ በረንዳው ሰፊ ነው፣ ግድግዳው በቀጥታ አይመታም። ዛሬ ቆርቆሮ ለመቆጠብ ብለን ጣራውን እግድግዳው ላይ እንቆርጠዋለን፣ ከዚያ ልስኑ ለምን ተላጠ እንላለን።

አሸንዳና መውረጃ ቱቦ አትርሱ። ቱቦው የሚያወርደውን ውሃ ደግሞ ከቤቱ ስር የሚያርቅ ቦይ ይኑር። ቦይ ለመቆፈር ብዙ ብር አይጠይቅም፣ አካፋና ቅዳሜ ጠዋት ይበቃል።

አሮጌዎቹ ክፍሎች ጭቃ ቤት ናቸው። ይታደሳሉ ወይስ ይፍረሱ?

ጭቃ ስለሆነ ብቻ አይፈርስም። በደንብ የተያዘ ጭቃ ቤት ብዙ ዘመን ይኖራል፣ ለጅማ ብርድና ሙቀትም ይስማማል። መታየት ያለበት የእንጨቱ እግር ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ ሂዱና መሬቱን የሚነካውን ክፍል ወጋ ወጋ አድርጉት። ካቻቢቴው ያለ ድካም ከገባ በስብሷል ወይም ምስጥ ገብቶበታል። የተበላሸው ጥቂት እንጨት ከሆነ እግሩን ቆርጦ በድንጋይ መሰረት ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ከግማሽ በላይ ከሆነ ግን፣ ግድግዳውም ካዘመመ፣ ልጆቹን አውጡና አፍርሱት። ልጅ ስሩ የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ «ምናልባት ይቆም ይሆናል» አይባልም።

አንድ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጭቃ ግድግዳ ላይ በቀጥታ ሲሚንቶ ይለስናሉ። ለጊዜው ያምራል። ነገር ግን ጭቃው እርጥበት ሲይዝና ሲለቅ ያብጣል፣ ይጠባል፣ ሲሚንቶው ግን ደረቅ ነው፣ አብሮት አይሄድም። እርጥበቱ ውስጥ ይታፈናል፣ ልስኑም በትልልቁ ይገነጠላል። በጭድ የታሸ ጭቃ ለስናችሁ፣ በደንብ ሲደርቅ ኖራ ብትቀቡት ይሻላል።

ግድግዳው ተሰንጥቋል። አደገኛ ነው?

እንደ ስንጥቁ ነው። ልስን ላይ ያለ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አያስደነግጥም። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን መሰረቱ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ጅማ ውስጥ ብዙ ቦታ፣ በተለይ ረባዳው ላይ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይኮማተራል፣ ቤቱንም ይዞት ይወጣል ይወርዳል።

ከመጠገናችሁ በፊት ተከታተሉት። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀን ጻፉበት። መሃሉ ላይ ትንሽ ጀሶ ለጥፉ። ጀሶው ከተሰነጠቀ እንቅስቃሴው አልቆመም፣ ያኔ መሃንዲስ ሳታሳዩ ሲሚንቶ ብትሞሉበት ዋጋ የለውም። ግድግዳው ስር የበቀለ ባህር ዛፍ ካለም አስቡበት፣ ከመሬቱ ብዙ ውሃ ስለሚስብ ችግሩን ያባብሳል።

አዲሱን ክፍል ካሮጌው ጋር ብናያይዘውስ? አንድ ግድግዳ እንቆጥባለን።

አታያይዙት። አሮጌው ቤት መሬቱ ላይ ተደላድሎ ጨርሷል። አዲሱ ገና ይቀመጣል። ካያያዛችኋቸው አዲሱ ሲወርድ አሮጌውን ይጎትታል፣ መጋጠሚያው ላይም ይሰነጠቃሉ። ጎን ለጎን መሆን ካለባቸው የየራሳቸው ግድግዳና መሰረት ይኑራቸው፣ በመሃል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፣ ክፍተቱም ውሃ እንዳያስገባ ከላይ በላሜራ ይሸፈን። መሰረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ ይድረስ። ዋልካው ጥልቅ ከሆነ አውጥቶ በተመረጠ አፈርና ገረጋንቲ መሙላትና እየጠቀጠቁ መሄድ ያስፈልጋል።

«ፎቅ ብንጨምርበትስ?» የሚሉም አሉ። ለፎቅ ታስቦ ያልተሰራ መሰረት ላይ ፎቅ አይጨመርም። በቃ።

ክረምት ላይ ትምህርት ቤቱ ባዶ ነው። ያኔ ብንሰራ አይሻልም?

ይሄ ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው ዝናቡ በሚበረታበት ጊዜ ነው። የጅማ ዝናብ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብቻ አይቆምም፣ መጋቢት ገደማ ይጀምራል፣ መስከረም አልፎም ይዘንባል። ለግንባታ የሚመቸው ደረቅ ጊዜ ከህዳር እስከ የካቲት ያለው ነው፣ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ስራውን ከፋፍሉት። ክረምቱን ለወረቀት ተጠቀሙበት፦ ዲዛይን፣ ፈቃድ፣ ዋጋ ማሰባሰብ፣ ብር ማሰባሰብ። ከጣራ ስር የሚሰራውንም፣ ቀለም፣ የውስጥ ልስን፣ ወንበር ጥገና፣ ያኔ ጨርሱ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዕቃ አስገቡ። ህዳር ላይ መሰረት ይቆፈር፣ ግድግዳው ታህሳስና ጥር ላይ ይቁም፣ የካቲት ሳያልቅ ቆርቆሮ ይመታ። ማፍረስና ከባድ ጭነት ያለበት ስራ በሁለቱ ሴሚስተሮች መካከል ባለው እረፍት ይሁን። አሮጌ ክፍል የምታድሱ ከሆነ አንድ በአንድ ሂዱ፣ የዚያን ክፍል ልጆች ለጊዜው በፈረቃ አስገቧቸው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ ብትይዙ ይህን ያዙልኝ፦ ከመጋቢት በፊት ጣራ ማልበስ የማትችሉትን ክፍል አትጀምሩ። አራት ክፍል ጀምሮ አራቱንም ግድግዳ ላይ ማቆም በየቦታው የሚታይ ነገር ነው። ብሎኬቱ ዝናብ ይመታዋል፣ ፌሮው ይዝጋል፣ መሰረቱ ውስጥ ውሃ ይቆማል፣ ሰውም ተስፋ ይቆርጣል። ሁለት ጀምራችሁ ሁለቱን ጨርሱ። ሰው ያለቀ ነገር ሲያይ ለሚቀጥለው ዓመት ራሱ መጥቶ ያዋጣል።

የመንግስት ትምህርት ቤት ነው፣ ፈቃድ ለምን ያስፈልገናል?

ህዝብ የሚገለገልበት ህንጻ ስለሆነ ነዋ። ልጆች የሚውሉበት ቤት ከግል ቤት የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል እንጂ ያነሰ አይደለም። መንገዱ ረጅም ይመስላል ግን ግልጽ ነው። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ህብረቱ በቃለ ጉባኤ ይወስናል፣ የቀበሌው ትምህርትና ስልጠና ቦርድ ያጸድቃል፣ ከዚያ ወደ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይኬዳል፣ የግንባታ ፈቃዱ ደግሞ ከኮንስትራክሽን ጽሕፈት ቤት ይወጣል። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። የድንበር ክርክር ያለበት መሬት ላይ መሰረት ቆፍሮ መቆም የባሰ ነው።

ዲዛይኑን ለመስራት ትምህርት ጽሕፈት ቤቱን መጀመሪያ ጠይቁ፣ የተዘጋጀ የክፍል ፕላን ሊኖራቸው ይችላል። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እዚሁ ነው፣ ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቪል መሃንዲሶችን ያስተምራል፣ ዩኒቨርሲቲው ከተመሰረተ ጀምሮ ማህበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው አድርጓል። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ጽፋችሁ አፈሩን እንዲያዩላችሁ፣ ስንጥቁን እንዲገመግሙላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

የፈረሰውን ቆርቆሮና እንጨት ሸጠን ለስራው ብናውለውስ?

የመንግስት ንብረት ነው፣ በኮሚቴ ውሳኔ ብቻ አይሸጥም። ቆጥራችሁ መዝግቡና በጽሕፈት ቤቱ በኩል አስፈቅዱ። ደህና ደህናው ለአጥር፣ ለዕቃ ማስቀመጫ መጠለያ ይሆናል።

ክፍሉ ስንት በስንት ይሁን?

የተለመደው 7 ሜትር በ8 ሜትር ነው፣ 56 ካሬ። የመጀመሪያ ደረጃ መስፈርቱ በክፍል 50 ተማሪ ስለሆነ ለአንድ ልጅ ከ1 ካሬ ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ከዚያ አታሳንሱት። የህንጻውን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሩት፣ መስኮቶቹ እዚያ ይሁኑ፣ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ልጆቹ ዓይን ውስጥ አይገባም። በሩ ወደ ውጭ ይከፈት። ኮርኒስ ሰው እንደ ጌጥ ያየዋል፣ ግን ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ መምህሩ ጮሆ እንኳ አይሰማም፣ ስለዚህ ጅማ ላይ ኮርኒስ የትምህርት መሳሪያ ነው።

በደረጃ ምትክ፣ ወይም ከደረጃው ጎን፣ ተዳፋት መወጣጫ ይሰራ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የህንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የህዝብ መገልገያ ህንጻ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ተዳፋቱ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ይኑረው። ቀጥ ያለ አጭር መወጣጫ ተሰርቶ ዊልቸር የማይወጣው ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ብዙ ጊዜ «እንዲህ ዓይነት ተማሪ የለንም» ይባላል። የሌለን መግቢያ ስለሌለ፣ ልጁም ቤት ስለቀረ ሊሆን ይችላል።

ብሩ ከየት ይመጣል?

ከብዙ ቦታ፣ ጥቂት ጥቂት። ትምህርት ቤቱ ከመንግስት የሚደርሰው ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የሚባለው፣ አለ፣ ግን ለህንጻ አይበቃም፣ ለጥገና ይሆናል። ትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. የጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ ህብረተሰቡ ትምህርት ቤቱን እንዲያሻሽል የሚያበረታታ ስለሆነ ከጽሕፈት ቤቱ ጋር ስትነጋገሩ በር ይከፍታል። ኦሮሚያ ውስጥ የቡኡራ ቦሩ ቅድመ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በህዝብ ተሳትፎ ሲሰሩ አይተናል፣ ስለዚህ ነገሩ ለአገሬው አዲስ አይደለም።

ጊዜውን ግን እወቁበት። እዚህ ገበሬ እጅ ብር የሚገባው ቡና ሲሸጥ ነው። ሐምሌ ላይ መዋጮ ብትጠይቁት ቢወድም የለውም። ክረምት ላይ ቃል ይግባ፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ይክፈል። ጥሬ ብር የሌለው ጀንፈል ያምጣ፣ ባህር ዛፍ ያምጣ፣ ድንጋይ ያምጣ፣ ሁሉም በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይመዝገብለት። እድሮችን፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ጅማ መርካቶ ያሉትን ነጋዴዎች፣ ከትምህርት ቤቱ ተምረው የወጡትን አነጋግሩ። ከአገር ውጭ ያሉ የቀድሞ ተማሪዎች የሚያነሱት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ «ብሩ የት እንደገባ እናያለን ወይ?» መልሱ አዎ መሆን አለበት።

ያላዋጣ ወላጅስ? ልጁ ይመዝገብ?

ይመዝገብ! ይሄ ለድርድር አይቀርብም። የመንግስት ትምህርት ቤት ነጻ ነው፣ መዋጮ በፈቃድ ነው። ያላዋጡ ሰዎችን ስም ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ልጁን ክፍል ውስጥ ማስቆም፣ ካርድ መከልከል፣ እነዚህ ነገሮች ልጅ ላይ የሚተዉት ቁስል በየትኛውም አዲስ ክፍል አይካስም። የሌለው ሰው በጉልበቱ ያግዝ። ጉልበትም የሌላት አሮጊት እናት መርቃ ትሂድ።

ብሩ እንዳይባክን ምን እናድርግ?

የባንክ ሂሳብ ይከፈት፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይውጣ፣ ከሦስቱ አንዷ እናት ብትሆን ጥሩ ነው። ያለ ደረሰኝ ምንም አይገዛ። ከሦስት ሱቅ ዋጋ ይሰብሰብ። በየወሩ የገባውና የወጣው ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም። ዕቃ ገዥው፣ ዕቃ ተረካቢውና ከፋዩ አንድ ሰው አይሁኑ። ይሄ ማንንም መጠርጠር አይደለም፣ ደግ ሰውን ከሐሜት መጠበቂያ ነው። ዋጋ በመሃል ስለሚንር ከጠቅላላው 10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ።

በደቦ ብንሰራስ? ምን ያህል ይቆጥባል?

መሬት መደልደል፣ ቦይና መሰረት መቆፈር፣ ድንጋይ ማጓጓዝ፣ ውሃ መቅዳት፣ አጥር፣ ቀለም፣ እነዚህ በደቦ ያምራሉ። አርማታ፣ ፌሮ፣ ካፕሪያታና ኤሌክትሪክ ግን ለባለሙያ ይተው። የቡና ለቀማ ሲደርስ ሰው እንደማይመጣ አውቃችሁ የቁፋሮው ቀን ከለቀማው ጋር እንዳይጋጭ አድርጉ። ተማሪዎች ሸክም አይሸከሙ። የስራው ቦታ በቆርቆሮ ይታጠር፣ ጉድጓድ ሳይሸፈን አይደር።

ዕቃው ደህና መሆኑን እኛ ተራ ሰዎች እንዴት እናውቃለን?

ብዙውን ታውቃላችሁ። ጅማ ጥሩ አሸዋ ከሩቅ ስለሚመጣላት በአሸዋ ላይ ማጭበርበር አለ፣ አፈር የበዛበት ይመጣል። ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሰዱ፣ አሸዋ እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ሙሉ፣ ውሃና ቆንጠር ጨው ጨምሩበት፣ በደንብ ናጡትና ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት። ላይ የሚንሳፈፈው ጭቃ ተቀምጦ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ፣ ገደቡ 6 በመቶ ነው።

ብሎኬቱን ጥጉን በጣት ፈትጉት፣ ከተፈረፈረ አትቀበሉ። ሲሚንቶ በጅማ እርጥበት ቶሎ ይጠጥራል፣ ስለዚህ ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ ጣውላ ላይ ደርድሩት፣ ብዙ ወርም አታቆዩት። ለኮለንና ለቢም (ለምሶሶና ለአግዳሚ ተሸካሚ) አርማታ የተለመደው ልክ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 3 ጠጠር ነው፣ በሳጥን ይለካ እንጂ በአካፋ በግምት አይሁን። ውሃ አታብዙበት፣ ቀጭን አርማታ ለመስራት ይቀላል፣ ግን ደካማ ነው። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ። ይሄን ውሃ ማጠጣት ከኮሚቴው አንድ ሰው በስሙ ይረከበው፣ ካልሆነ «እገሌ ያጠጣዋል» እየተባለ ይደርቃል።

ሽንት ቤት ከክፍሉ በኋላ ቢደርስስ?

አይደርስም፣ አብሮ ይሰራ። ክፍል ስትጨምሩ ተማሪ ትጨምራላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ለ25 ሴት ተማሪዎች 1፣ ለ50 ወንዶች 1 መቀመጫና መሽኛ ይላል። የሴቶቹ ለብቻው፣ ራቅ ብሎ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን፣ ውሃም ይድረሰው። በወር አበባ ምክንያት ከክፍል የምትቀር ልጅ ካለች ህንጻው ጎድሏል ማለት ነው። ጉድጓዱ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፣ ከሱም ዝቅ ብሎ ይሁን። አዌቱ ወንዝ ዳር ወይም ቦዬ አካባቢ ረግረግ ላይ ከሆናችሁ የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ስለሆነ ጥልቅ ጉድጓድ አይሆንም፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይገንባ።

ውሃውስ ከየት ይምጣ?

ከጣራው። አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 1 ሊትር ነው። አራት ክፍል ያለው ህንጻ 224 ካሬ ነው፣ ከሚባክነው ሌላ በዓመት ወደ 270 ሺህ ሊትር ሊሰበሰብ ይችላል። ባለ 10 ሺህ ሊትር ሮቶ 56 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል፣ ሐምሌ ላይ ያ ብዙ ቀን አይፈጅም። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራ ቆሻሻ ስለሚያጥብ ይፍሰስ። ለእጅ መታጠቢያና ለሽንት ቤት በቀጥታ ይሆናል፣ ለመጠጥ ግን ይታከም።

አልቋል፣ ተመርቋል። አሁንስ?

አሁን ጥገና። በዓመት ሁለቴ፣ የካቲት መጨረሻና ግንቦት ላይ፣ አሸንዳና ቦይ ይጠረግ፣ የላላ ሚስማር ይመታ፣ የምስጥ መንገድ ግድግዳ ላይ ካለ ይፈረስና ይታከም። የተሰበረ ወንበር በሳምንቱ ይጠገን። ለዚህ የምትሆን ትንሽ ብር ከግንባታው ሂሳብ አትቀላቀል። ፕላኑን፣ የቀለሙን ስም፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ በየት እንደሚያልፍ፣ መሰረቱ ስንት ሜትር እንደተቆፈረ በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ቢሮ አስቀምጡ፣ ኮሚቴው ሲቀየር ፋይሉ በፊርማ ይረከብ።